የአክስቴ የግራ እግር ክንፍ

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የአክስቴ የፒሊ እግር ቀን በቀን እያነሰ መሆኑን ከቤተሰባችን ውስጥ የደረስኩበት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሰው ይስቃል። እናቴ ትስቃለች፣ ጎረቤታችን አክስት ግላዲስ ትስቃለች፣ አያቴ ቱቱ ኬኦኒም ከተኙበት የገመድ አልጋ ላይ ሆነው ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። እኔ ግን ምግብ አልበላ ብሎኝ ነበር።

ማስረጃ ነበረኝ። አክስቴ በየእሑዱ ማካፑኡ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ የግራ እግሯን ክንፍ መጣል ጀምራለች።

ክንፍ ስል እግር ላይ የሚጠለቀውን፣ የዳክዬ እግር የመሰለውን ጥቁር ጎማ ማለቴ ነው። እኛ ዋይማናሎ ያደግን ሰዎች ማዕበል የምንጋልበው ያለ ሰሌዳ፣ በገዛ ደረታችን ነው። ማካፑኡ ላይ ሰሌዳ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ባይከለከልም እናፍር ነበር። ለዚህ ጨዋታ ሰው የሚያስፈልገው ጥንድ ክንፍና ትንሽ እብደት ብቻ ነው። ማዕበሉ ከኋላ ሲነሳ ውሃውን ሁለት ሦስት ጊዜ በክንፍ መምታት፣ አንድ እጅ ወደ ፊት መዘርጋት፣ የቀረውን ፈጣሪ ያውቃል። ክንፍ የሌለውን ሰው ማዕበሉ ጥሎት ይሄዳል። አንድ ክንፍ ብቻ የቀረው ደግሞ እንደ ውሻ ጭራውን እያሳደደ ክብ ይዞራል፣ መሳቂያ ነው።

አክስቴ መሳቂያ የምትሆን ሰው አልነበረችም። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፣ ከእኛው ጋር ነበር የምትኖረው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአናናስ ፋብሪካ ቆማ ስትልጥ ትውላለች፤ የቀረውን ቀን ባሕር ውስጥ ናት። ስንት ጊዜ ጨው ውሃ ብትገባም የእጇ የአናናስ ሽታ አይለቅም። ያኔ ማካፑኡ ላይ ከወንዶቹ እኩል ትልቁ ማዕበል እስከሚነሳበት ውጭ ድረስ የምትወጣ ሴት እሷ ብቻ ነበረች። ትልቁ ማዕበል ሲመጣ ወንዶቹ ዞር ብለው ያዩዋታል። እሷ ከሄደች ይሄዳሉ፣ ከተወችው ይተዉታል።

ለእኔ ደግሞ ቃል ገብታልኛለች። ዘጠኝ ዓመት በሚሞላኝ እሑድ ከዳሩ አረፋ አውጥታ ወደ ውጭው፣ ወደ ትልቁ ማዕበል ልትወስደኝ። በልኬ የሆነ ክንፍ እንኳ ገዝታልኝ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል፤ አንዳንዴ አድርጌው እተኛለሁ። ታዲያ እግሯ ከከዳት ማን ሊወስደኝ ነው? እናቴ ከጉልበቷ በላይ ውሃ አትገባም፣ ቱቱ ኬኦኒ አርጅተዋል። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስጨነቀኝ የልደቴ ነገር ብቻ አልነበረም። አክስቴን እወዳት ነበር። አንድ እሑድ ክንፉ ብቻ ሳይሆን እሷም እዚያው ትቀራለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

እኛ ጋ ደንብ አለ። የጠፋ ክንፍ ያገኘ ሰው በባለቤቱ እጅ አይሰጥም፤ መታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ ያለው የሽቦ አጥር ላይ ይሰቅለዋል። ባለቤቱ ከውሃ ሲወጣ አይቶ ያነሳል። ማን አገኘው፣ ማን ይመስገን የሚባል ነገር የለም። የሰው ክንፍ ከአጥሩ ላይ የሚሰርቅ ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም። ደንቡ ጥሩ ነው። ችግሩ አጥሩ ሁሉ ሰው በሚያልፍበት መቆሙ ነው፣ የሰቀሉብህን ሁሉም ያየዋል።

«ፒሊ! እግርሽን ሰቅለውታል!» ይሏታል ወንዶቹ።

«ዛሬም? ኧረ በምስማር ምቱላት!»

«የቀኙን መቼ ነው የምትጥይው? ጥንድ ሆኖ ይሰቀልልን እንጂ!»

አክስቴ ወደ አጥሩ ትሄዳለች፣ ክንፏን ታነሳለች፣ አሸዋውን ታራግፋለች። ፊቷ በርበሬ ይመስላል። ከዚያ ወደ መኪና ማቆሚያው ሰረቅ አድርጋ ታይና አንገቷን ትደፋለች። እኔ አፍራ ነው ብዬ አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ክንፏን እያወጣ የሚሰቅለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው። ሂዴዮ ሚያሺሮ ይባላል፤ ለዋይማናሎ ዶሮ አርቢዎች መኖ በጭነት መኪና የሚያመላልስ፣ ቀጭን፣ ዝም ያለ ሰው። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሁሉ ወይ አክስት ወይ አጎት ስለሆነ በአፌ አጎቴ ሂዴዮ እለዋለሁ። በሆዴ ግን ስሙ «ሰቃዩ» ነበር። አንድ ሁለት ማዕበል ይጋልብና ጭምብሉን አድርጎ መጥለቅ ይጀምራል። የዚያን ጊዜ ክንፍ ይሰምጣል እንጂ አይንሳፈፍም። እሱ ባይጠልቅ ኖሮ የአክስቴ ክንፍ እዚያው አሸዋ ለብሶ ይቀር ነበር፣ ማንም አያይም፣ ማንም አይስቅም ነበር። ይኼ ሰው ግን የት እንደወደቀ የነገሩት ይመስል በአንድ ትንፋሽ ሄዶ ያወጣዋል። ከዚያ አጥሩ ላይ ይሰቅልና ማንንም ሳያይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄዳል።

አንድ እሑድ እስከ መኪናው ድረስ ተከተልኩት። በሩን ሲከፍት የዶሮ መኖ ሽታ ወጣ።

«አጎቴ ሂዴዮ፣ የአክስቴን ክንፍ ለምንድን ነው የምታወጣው?»

ጆሮው ቀላ። «ጠፍቶባት ነዋ።»

«እዚያው ብትተወውስ?»

«የሰው ዕቃ እኮ ነው።»

«እሺ፣ ካወጣኸው ለምን ትሰቅለዋለህ? ሰው ሁሉ ይስቅባታል። በእጇ አትሰጣትም?»

ቅላቱ ከጆሮው ወደ አንገቱ ወረደ። ወደ አጥሩ አየ፣ አክስቴ ክንፏን ስታራግፍ አየ፣ ከዚያ ወንበሩ ላይ ከነበረው ከረጢት እፍኝ ሙሉ የደረቀ ጨዋማ ፕሪም ዘግኖ ሰጠኝ።

«ደንቡ እንደዚያ ነው» አለኝ።

ፕሪሙን በላሁለት። ይቅር ግን አላልኩትም።

ነገሩ የከፋ መሆኑን የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። እናቴና አክስት ግላዲስ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ከድንጋይ ላይ የለቀሙትን የባሕር ሣር ለምሳ ያጥባሉ፣ ከጠጠር ይለያሉ። እኔ ደግሞ በረንዳው ሥር ነበርኩ። ቤታችን በእንጨት ምሰሶ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ከሥሩ መግባት ይቻላል፤ እኔና ድመቷ ጉዳያችንን የምንጨርሰው እዚያ ነው። በሳንቃው ቀዳዳ ጨዋማ ውሃ አንገቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል።

«እስከ መቼ ነው ግን እንዲህ የምትሆነው?» አለች ግላዲስ።

«እኔ ምን አውቄ!» አለች እናቴ። «ሠላሳ ልትደፍን ነው እኮ። ጊዜዋ እያለፈ ነው።»

«እሱስ ምን ሆኗል? ዓይኑ ሥር ናት። አያይም?»

«ምን ያያል!»

«ለምን ራሷ አትነግረውም?»

«ማን፣ ፒሊ? ሞቷን ትመርጣለች።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ መጨረሻው ምን ሊሆን ነው?»

የቱቱ ኬኦኒ ድምፅ ከገመድ አልጋው ላይ መጣ። «ተዉአት እናንተ። ባሕሩ ይጨርሰዋል።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ሥር ሆኜ ደርቄ ቀረሁ። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? አክስቴ አርጅታለች፤ ሠላሳ ዓመት ያኔ ለእኔ ከመቃብር አፋፍ የሚለይ አልነበረም። «አያይም» ያሉት ደግሞ የባሕር ዳርቻውን ሕይወት አድን ሠራተኛ መሆን አለበት፣ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ ማማው ላይ ሲያፏጭ የሚውለው። እሷም ጭንቋን ከምትነግረው ሞቷን ትመርጣለች። ባሕሩ ይጨርሳታል። እነዚህ ሰዎች ግን ሣራቸውን እያጠቡ ይስቃሉ!

ዛሬ እኔ ራሴ ስድሳን ላንኳኳ ነው። ያንን ወሬ በጆሮዬ ስመልሰው፣ ስለ እግር አንዲት ቃል እንኳ አላወጡም።

ልጅ ሆኜም ቢሆን ዝም ብዬ የሰው ወሬ የማምን አልነበርኩም። ከጓሮ ልብስ ማጠቢያው ጋ የሲሚንቶ ወለል አለን። ቱቱ ኬኦኒ ያፈሰሱት ቀን አክስቴ፣ ያኔ ኮረዳ ነበረች፣ ሳይደርቅ ረግጣው አልፋ የግራ እግሯ ቅርጽ ከነጣቶቹ ቀርቷል። ከፋብሪካ መጥታ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል የእናቴን የአበባ መጎንጎኛ ክር ይዤ ተንበረከክሁና ከተረከዟ እስከ አውራ ጣቷ ለካሁ። ስትገላበጥ ትንፋሼን ዋጥኩ። ክሩን በጥንቃቄ ወስጄ ሲሚንቶው ላይ ሳጋድመው የትንሿን ጣቴን ውፍረት ያህል አጠረ።

እርጥብ ሲሚንቶ የረገጠ እግር እየተንሸራተተ ቅርጹን እንደሚያሰፋ ማን ይንገረኝ? ክሩን ጨብጬ እዚያው ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ለቅሶ ግን ብዙም አይሆንልኝም። ጓሮ ከቆመችው ከቱቱ አሮጌ መኪና ላይ የወጣ የውስጥ ጎማ ነበር፤ የዓሣ ቢላዋቸውን አንስቼ በቀጭን በቀጭኑ መሸልቀቅ ጀመርኩ። ሐሳቤ ክንፉን ከቁርጭምጭሚቷ ጋር ማሰር ነው፣ ቢወልቅ እንኳ ጥሏት እንዳይሄድ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ሱቅ አይሸጥም። በገመድ የሚያስሩ ወንዶች ነበሩ፣ ገመድ ግን ቆዳ ይልጣል። ጎማ ይሳባል፣ ይመለሳል፣ አይጎዳትም። ይኼን ሁሉ ያሰብኩት ራሴ ነኝ፤ ዛሬም ስናገረው ደረቴን ነፋ ያደርገኛል።

ቱቱ ኬኦኒ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ማንን ልታንቂ ነው?»

«አክስቴ ክንፏን እንዳትጥል ላስርላት ነው። እግሯ አንሷል ቱቱ። ለክቼዋለሁ።»

ክሩን አሳየኋቸው፣ ሲሚንቶው ላይ አጋድሜ ልዩነቱን አሳየኋቸው። ቱቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ መስሎኝ እጃቸውን ያዝኩ። ሲዞሩ እውነትም ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

አጠገቤ ቁጭ ብለው ጥቂት አሰቡ። ዕድሜ ልካቸውን ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ኖሄአ» አሉኝ፣ «ዓሣው በየቀኑ እየመጣ መንጠቆሽ ላይ ያለውን ምግብ ብቻ ለቃቅሞ ቢሄድብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሌላ ምግብ አደርጋለሁ።»

«ያንንም ይበላዋል። እየቀለብሽው እኮ ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«አንድ ሁለት ቀን ታስርቢዋለሽ። ሲርበው ራሱ ይመጣል።»

«ዓሣን ከአክስቴ እግር ጋር ምን አገናኘው?»

«ምንም» አሉ ቱቱ። «አምጪው፣ እንዲህ አይታሰርም፣ ይፈታል። የጀልባ ቋጠሮ ላሳይሽ።»

እሑድ ደረሰ። አሸዋው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ማሰሪያውን አክስቴ ጭን ላይ አስቀመጥኩ።

«ይኼ ምንድን ነው የኔ ቆንጆ?»

«የክንፍ ማሰሪያ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት። ከእንግዲህ አይጠፋብሽም፣ ማንም አይስቅብሽም።»

አክስቴ ማሰሪያውን አየችው። እናቴን አየቻት፤ እናቴ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ግላዲስ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ቱቱን አየቻቸው፤ ቱቱ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተጋድመዋል።

«አባዬ፣ እርስዎ አሉበት አይደል?»

«እኔ ተኝቻለሁ» አሉ ቱቱ ከኮፍያው ሥር።

«አልወደድሽውም?» አልኳት።

ጎትታ አቀፈችኝና ግንባሬን ሳመችኝ። «በጣም ነው የወደድኩት» አለች። ፈገግታዋ ግን ጥርሷን እንደሚያማት ሰው ነበር። «በይ እሰሪልኝ።»

ሁለቱንም አሰርኩላት፣ በጀልባ ቋጠሮ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። «ኖሄአ፣ የኔንም ሚስት እሰሪልኝ! ቢንጎ ቁማር ቤት እየጠፋችብኝ ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሚስቱ አሸዋ ወረወረችበት።

በዚያ ቀን ክንፍ አልጠፋም። ሂዴዮ ጠለቀ፣ ብቅ አለ፣ ዙሪያውን አየ፣ ደግሞ ጠለቀ። ሌላው ሰው ወጥቶ ምሳውን ሲበላ እሱ ገና እየጠለቀ ነበር። በመጨረሻ ከንፈሩ ጠቁሮ ወጣና ባዶው አጥር ፊት ሽቦውን እያየ ቆመ። እኔ ከቧንቧው ሥር ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘፈንኩለት። ሰቃዩ ሥራ ፈታ!

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ከመኪናው ኋላ፣ ጭነት መጫኛው ላይ፣ ፎጣዋን ተጠቅልላ ጋደም አለች።

«ደከመሽ?» አልኳት።

«ትንሽ።»

ፀጉሯን ዳሰስኳት። ዕድሜ ነው ብዬ አዘንኩላት።

የልደቴ እሑድ ነፋሱ ከጀርባችን ካለው ገደል በኩል ወደ ባሕር እየነፈሰ የማዕበሉን ጫፍ ይልሰዋል፣ ከፊታችን ካለችው ከጥንቸል ደሴት ወዲህ ባሕሩ በሙሉ ነጭ መስመር በመስመር ሆኗል። እናቴ ገና ስታየው «ዛሬ ይቅር» አለች። አክስቴ ግን ክንፌን አጠለቀችልኝና «ቃል ቃል ነው» አለች። እጄን ይዛ አስገባችኝ። ማዕበል ሲመጣ «በሥር!» ትለኛለች፣ ሁለታችንም አሸዋውን ነክተን በሥሩ እናልፋለን፤ በላያችን እንደ ጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማኛል። ጆሮዬ በአሸዋ ሞላ፣ አፍንጫዬ ተቃጠለ። ከዚያ በድንገት ባሕሩ ጸጥ አለ። ውጭ ደርሰናል። ውሃው እዚያ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ አይጮህም፤ ወደ ላይ ያነሳሃል፣ ቀስ አድርጎ ያወርድሃል። እናቴ አሸዋው ላይ የጣት ጥፍር አክላለች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ እንደዚያም ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይኼኔ ነው ሂዴዮ ከአጠገባችን ብቅ ያለው። እያለከለከ ነበር።

«ፒኢላኒ» አለ። ሙሉ ስሟን የሚጠራት የፋብሪካው አለቃ ብቻ ነበር።

«አቤት?»

«ክንፍሽ…» ትንፋሹ አልበቃ አለው። «ክንፍሽ አልጠፋም?»

«አልጠፋም።»

«ያለፈው እሑድስ?»

«አልጠፋም።»

«እኔ እኮ…» ውሃ ዋጠና አሳለው። «ድንጋዩ ሥር ሁሉ ፈለግሁት። ዛሬም ከጠዋት ጀምሬ ስፈልግ ነበር።»

ላሳጥርለት ብዬ ጮኽኩበት። «ከእንግዲህ አይጠፋም! እኔ አስሬዋለሁ! ሌላ ሥራ ፈልግ!»

ማንም አልሰማኝም። አክስቴ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳታነሳ፣ እኔ በማላውቀው በቀጭን ድምፅ፣ «ካልጠፋ ለምን ትፈልገዋለህ?» አለችው።

ሂዴዮ ጭምብሉን ወደ ግንባሩ ገፋው። ዓይኑ ዙሪያ ክብ ሰንበር ወጥቶበት ጉጉት መስሏል።

«አንቺ ጋ የምመጣበት ሌላ ምክንያት የለኝም» አለ።

ያን ጊዜ ወንዶቹ ከወዲያ «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። ዞር ስል ባሕሩ ተነስቶ ቆሟል። እንደዚያ ያለ ማዕበል በዚያ ዓመት አልመጣም ነበር ይላሉ፣ አሁን ድረስ የሚያወሩት አሉ። አክስቴ በወገቤ ይዛ ወደ ዳርቻው አዞረችኝና «ያንቺ ነው ኖሄአ! ምቺ! ምቺ! ምቺ!» ብላ ገፋችኝ። መታሁ። እግሬ ከሥሬ ተነሳ፣ እጄን ዘረጋሁና ከዚያ ምንም አልነበረም፣ ፍጥነት ብቻ። በቀኜ አረንጓዴ የውሃ ግድግዳ ይሮጣል፣ ፀሐይ በውስጡ ታልፋለች፣ እኔ እጮሃለሁ፣ የራሴ ጩኸት ከኋላ ቀርቷል። አሸዋው ላይ በሆዴ ተጣልኩ፤ የዋና ልብሴ ውስጥ የገባው አሸዋ ለአንድ ሲሚንቶ ወለል ይበቃል።

ከአጠገቤ ትወድቃለች ብዬ ዞር አልኩ። ወንዶቹ ሁሉ ለዚያን ቀን እሷን ሳይጠብቁ ጋልበው ዳር ወጥተዋል፤ እያሳላቸው፣ እየሳቁ። አክስቴ የለችም። ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ሁለት ራሶች ጎን ለጎን ከፍ ዝቅ ይላሉ። ያንን ማዕበል ሳትጋልበው አሳልፋዋለች! ሁለተኛው መጣ፣ እሱንም አሳለፈችው። ሦስተኛው መጣ፣ ዞራም አላየችው።

እየተንገዳገድኩ ወደ እናቴ ሮጥኩ፤ ክንፌ አሸዋ ላይ እየጠለፈኝ ሁለቴ በአፍንጫዬ ተደፋሁ።

«አለቀላት! እማዬ፣ አክስቴ አለቀላት! ትልቁን አሳለፈችው!»

ግላዲስ ብድግ አለች። «ምን አደረገች?»

«አሳለፈችው! ሦስቱንም! እዚያ ዝም ብላ ቆማለች!»

«ከማን ጋር?»

«ከአጎት ሂዴዮ ጋር!»

እናቴና ግላዲስ ተያይዘው መዝለል ጀመሩ። ዳርቻው ሁሉ ዞሮ እስኪያያቸው ጮኹ። እኔ እያለቀስኩ መሐላቸው ቆሜ ተጨፈለቅሁ። ቱቱ ኬኦኒ ኮፍያቸውን ከፊታቸው ላይ ቀና አደረጉ።

«ትልቁን ነው ያሳለፈችው?»

«ትልቁን!» አልኩ እየተንሰቀሰቅሁ።

«እንግዲያው አሳማውን ማድለብ እንጀምር» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

አሳማው ለልደቴ መሰለኝ። ስለዚህ ለቅሶዬን አቆምኩ። ማታ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ «ሂዴዮ አጎትሽ ሊሆን ነው» ስትለኝ እንኳ «ድሮስ አጎቴ አይደለም እንዴ?» ብዬ ተኛሁ። ከወራት በኋላ አሳማው በጓሯችን ጉድጓድ፣ በጋለ ድንጋይና በቅጠል ተሸፍኖ ሲበስል ነው ነገሩ የገባኝ፣ እሱም የአክስቴን ነጭ ቀሚስ አይቼ።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ አጎቴን ጠይቄዋለሁ። እሱም በኋላ ዶሮ አርቢ ሆኗል፤ የዶሮዎቹን ውሃ እየቀየርን ነበር። «ሆን ብላ እንደምትጥለው ታውቅ ነበር?»

«ያቺ ሴት?» አለ። «ያንን የሚያህል ማዕበል ጋልባ ክንፏ የማይወልቅ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ በየእሑዱ ግራውን ብቻ የምትጥል? ቀርፋፋ ነኝ እንጂ ጅል አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን በእጇ አልሰጠሃትም?»

ጆሮው ቀላ። ያኔም ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። «ከሰጠኋት መጣል ታቆማለች ብዬ ፈራሁ።»

አሁን አክስቴ ሰማንያ ሊሞላት ነው፣ እሱ አልፎታል። ባለፈው ወር ጓሮ ልብስ ስናሰጣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የግራ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ባለው ቅርጽ ውስጥ አስገባች። በሁሉም በኩል ሰፋት። አጥንቷ ወጥቷል፣ ጣቶቿ ተቆልምመዋል።

«አየሽ» አለችኝ እየሳቀች፣ «አንቺ ቀድመሽ ደርሰሽበት ነበር።»

እሑድ ግን ሁለቱም ከባሕር አይቀሩም። ከዳሩ አረፋ አያልፉም፣ ውሃው ከወገባቸው በላይ አይደለም፣ እኔ ግን እንደ ሕፃን እጠብቃቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ የቀኝ ክንፏን በጀልባ ቋጠሮ አሰርኩላት፣ ጥብቅ አድርጌ። ወደ ግራው ስዞር አጎቴ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ እንደሰካ ከበላያችን ቆሞ ነበር።

«ኖሄአ፣ ግራውን ተይው» አለኝ።

«ይጠፋል እኮ አጎቴ! እግሯ አሁን የእውነት አንሷል፣ ይሰፋታል።»

«ይጥፋ» አለች አክስቴ፣ እጇን ለእሱ እየዘረጋች።

ግራውን ተውኩትና ሄጄ አጥሩ ጋ ጠበቅኋቸው።